የሚያጠባ እናት ቀለብ በማን ላይ ነው?
ከሐሊማ እስከ ጤና መድህን ካርድ

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ የሴቶች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ግን አይደለም። አባወራውን፣ የመስጊድ ኮሚቴውን፣ የወረዳ ኃላፊውንም ይመለከታል። ጥያቄው አጭር ነው። አንዲት እናት ልጇን በምታጠባበት ጊዜ የሚያስፈልጋት ምግብ፣ ዕረፍት፣ ምክርና ሕክምና ወጪው በማን ላይ ነው? በባሏ ላይ ነው? በዘመድ? በጎረቤት? ወይስ በሕዝብ ግምጃ ቤት?

ዛሬ በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ካርድ የያዘ አባወራ ብዙ ነው። ካርዱ ምን ይሸፍናል፣ ምን አይሸፍንም የሚለው ክርክር በገበያም በመስጊድ በርም ይሰማል። ጥያቄው ግን ከካርዱ በፊት የነበረ፣ ከ1400 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። እስኪ ከመነሻው እንጀምር።

የቲሙን ማን ያጥባው?

የመካ ቁረይሾች አራስ ልጆቻቸውን ለገጠር ሴቶች አጥቢነት የመስጠት ልማድ ነበራቸው። የገጠሩ አየር ንጹሕ፣ ዐረብኛውም ያልተበረዘ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አጥቢዋ ሴት ደግሞ ከልጁ አባት ዋጋና ስጦታ ታገኛለች። እንግዲህ ጡት ማጥባት ያኔም ወጪ ያለው፣ ከፋይ የሚፈልግ ሥራ ነበር ማለት ነው።

በዝሆኑ ዓመት፣ እ.ኤ.አ 570 ገደማ የአሚና ልጅ ተወለደ። አባቱ ዐብዱላህ ግን ቀድሞ ሞቷል። ለጥቂት ቀናት ሡወይባ አጠባችው። ከአባቱ ቤት የነበረችው ሐበሻዊቷ በረካ፣ በኋላ ኡሙ አይመን የተባለችው የኛው አገር ሴት፣ ከአሳዳጊዎቹ አንዷ ሆነች። ከዚያም የበኑ ሰዕድ ሴቶች በድርቅ ዓመት የሚያጠቡት ሕፃን ፍለጋ መካ ደረሱ።

የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ሕፃኑ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የቀረበላት ሴት ሁሉ የቲም መሆኑን ስትሰማ ትመልሰው ነበር። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። የሚከፍለው አባት ነው፤ አባት ከሌለ እናትና አያት ምን ያህል ያደርጉልናል አሉ። ሴቶቹ ክፉዎች አልነበሩም። ራሳቸው የተራቡ ነበሩ። ሐሊማም በመጀመሪያ እንደ ጓደኞቿ አልፋው ነበር። የገዛ ልጇ በረሃብ ሌሊቱን ሲያለቅስ የሚያድር፣ አህያዋ የከሳች፣ ግመሏ ጠብታ ወተት የማትሰጥ ሴት ነበረች። በመጨረሻ ባዶ እጇን ከምትመለስ ብላ ያንን የቲም ወሰደችው፤ አላህም በረካውን አፈሰሰላት።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንተርከው ስለ በረካው ነው። ሌላም ትምህርት አለው። ጡት የማጥባት ወጪ በአባት ኪስ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል፣ አባት የሌለው ልጅ ከጡት ይገለላል። የዓለማት እዝነት ሆነው የተላኩት ነቢይ ራሳቸው በሕፃንነታቸው በዚህ በር አልፈዋል።

አባት፣ ከዚያም ወራሽ

ቁርኣን ሲወርድ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ አላለፈውም። በአል-በቀራህ ምዕራፍ 233ኛው አንቀጽ ለማጥባት ሙሉ ዕድሜው ሁለት ዓመት መሆኑን ይናገራል። ወዲያው ወደ ወጪው ይሻገራል። የእናቲቱ ቀለብና ልብስ በአባትየው ላይ ነው፤ ልኩም በአካባቢው ልማድና በአቅሙ ነው። እናት በልጇ ሰበብ አትጎዳም፣ አባትም እንዲሁ። አባት ከሌለ ግዴታው ወደ ወራሹ ይተላለፋል። ልብ በሉ! የበኑ ሰዕድ ሴቶች ያነሱት ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አገኘ። የቲሙ ከፋይ አያጣም።

በአጥ-ጦላቅ ምዕራፍ 6ኛው አንቀጽ ደግሞ የተፈታች ሴት ልጁን ብታጠባ ዋጋዋ እንዲሰጣት ታዟል። ትዳሩ ፈርሷልና ብሎ የሕፃኑን ጡት ማስቀረት አይቻልም ማለት ነው። ጡት ማስጣልም ቢሆን በሁለቱ ወላጆች መመካከርና መስማማት እንጂ በአንዱ ቁጣ እንዳይሆን ተደንግጓል። የምታጠባ እናት ለራሷም ሆነ ለልጇ ከሰጋች ከረመዷን ጾም የመቆየት ፈቃድ አላት። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ማጥባት በሸሪዓችን እንደ ቤት ውስጥ ትንሽ ነገር ሳይሆን መብትና ወጪ ያለው ጉዳይ ሆኖ መታየቱን ነው።

ግን አባትም ወራሽም ድሃ ቢሆኑስ? የዚህን መልስ ለማግኘት ወደ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን እንሂድ።

በሌሊት የሰሙት ልቅሶ

ዑመር የሕዝቡን ስም የያዘ መዝገብ፣ ዲዋን የሚባለውን አቋቋሙ። የታሪክ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ በ15፣ አንዳንዶቹ በ20 ዓመተ ሂጅራ ነው ይላሉ። በመዝገቡ የሰፈረ ሁሉ ከበይተል ማል በየዓመቱ ተቆራጭ ያገኛል። ለልጆችም ድርሻ ተደርጎ ነበር፤ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ልጁ ጡት የተወ መሆን አለበት። የሚያጠባ ልጅ ቀለቡን ከእናቱ ያገኛል፣ እህል አይበላም፣ ስለዚህ ገና ድርሻ አያስፈልገውም የሚል ስሌት ይመስላል። ለሚያየው ሰው ምክንያታዊ ነው።

ኢብኑ ሰዕድ በመዘገቡት ዘገባ፣ አንድ ቀን የነጋዴ ቅፍለት መዲና ደርሶ ከከተማው ዳር ሰፈረ። ዑመር ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን ይዘው ሌሊቱን ሊጠብቋቸው ወጡ። የሕፃን ልቅሶ ሰሙ። ወደ እናቱ ሄደው አላህን ፍሪ፣ ለልጅሽ እዘኝለት ብለው ተመለሱ። ልቅሶው ቀጠለ። ደግመው ሄዱ። ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ ሄደው ምን ዓይነት እናት ነሽ ብለው ገሠጿት። ሴትዮዋ የምታናግረው ማን እንደሆነ አላወቀችም። ጡት እያስጣልኩት ነው፣ እሱ ግን እምቢ ብሎኛል አለች። ለምን ትቸኩያለሽ ሲሏት፣ ዑመር ጡት ላልተወ ልጅ ተቆራጭ አይሰጥማ አለቻቸው። ዕድሜው ገና ጥቂት ወራት ነበር።

በዚያ ቀን ፈጅር ሲያሰግዱ ከልቅሶአቸው የተነሳ ቁርኣኑ በደንብ አልተሰማም ይባላል። ከሶላት በኋላ በዚህ ደንብ ስንት የሙስሊም ልጅ አልቆ ይሆን እያሉ ራሳቸውን ወቀሱ። ከዚያም አዋጅ አስነገሩ። ልጆቻችሁን ጡት ለማስጣል አትቸኩሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለተወለደ ልጅ ሁሉ ከመወለዱ ጊዜ ጀምሮ ይቆረጥለታል ተባለ። ትእዛዙ ወደ ክፍለ ሀገራቱ ሁሉ በደብዳቤ ተላከ። ድርሻው ለተወለደ ሕፃን 100 ድርሃም ነበር፤ ሲያድግ ይጨመርለታል። ተጥሎ ለተገኘ ሕፃንም ወጪውን በበይተል ማል ላይ አደረጉት።

ውድ አድማጮች! የዚህን ታሪክ ፍሬ ነገር አትልቀቁት፤ ኋላ እንመለስበታለን። የዑመር መዝገብ መልካም ሥርዓት ነበር። ሴትዮዋም ልጇን የምትጠላ አልነበረችም። ነገር ግን ገንዘቡ የሚከፈልበት ቅድመ ሁኔታ በተሳሳተ ቦታ ላይ ስለተቀመጠ ጡቱን ከሕፃኑ አፍ አወጣው። አንድ የሕዝብ ገንዘብ የሚሰጥበት መስመር የት እንደሚጀምር መወሰን፣ እናት በቤቷ ውስጥ ምን እንደምታደርግ መወሰን ነው።

ይህ ዕውቀት በይፋት

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት አሸንፎ የይፋት ኃይል በዚህ ምድር ገነነ። በ14ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የጻፈው አል-ዑመሪ ስለ ይፋት ሲያወሳ አብዛኛው ሕዝብ የሻፊዒ መዝሀብ ተከታይ መሆኑን መዝግቧል። ከሻፊዒ መዝሀብ ታላላቅ መጻሕፍት አንዱን፣ ሚንሃጅ አጥ-ጧሊቢንን የጻፉት ኢማም ነወዊ ያረፉት በ1277 ነው፤ የሸዋ ሱልጣኔት ከመውደቁ 8 ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። መጽሐፉ በአገራችን የፊቅህ ሐለቃዎች ለረጅም ዘመን ሲቀራ የኖረ ነው።

በዚህ መጽሐፍ የቀለብ ምዕራፍ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ድንጋጌ አለ። እናት ለልጇ እንገሩን ማጥባት ግዴታዋ ነው ይላል። እንገር ማለት ከወሊድ በኋላ መጀመሪያ የሚወርደው ወፈር ያለ ቢጫ ወተት ነው። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲያብራሩ ሕፃን ያለ እንገር ብዙ ጊዜ አይኖርም ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጡት እናትም ሌላ አጥቢም ልትሰጠው ትችላለች፤ እናቲቱ ተገቢውን ዋጋ ብትጠይቅም ይሰጣታል። እንገሩ ላይ ግን ፊቅሁ ጥብቅ ነው። ላቦራቶሪ ባልነበረበት ዘመን ይህ መጻፉ ይደንቃል። ዛሬ ሐኪሞች እንገር ሕፃኑን ከተላላፊ በሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የበዙበት ነው፣ የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት ነው ይሉናል።

ታዲያ ኪታቡ በመስጊድ ውስጥ ይህን ሲል በጓዳ ውስጥ ምን ይደረግ ነበር? በብዙ የአገራችን አካባቢ እንገር ቆሻሻ ነው፣ ሆድ ይቆርጣል እየተባለ ታልቦ ይደፋ ነበር። ለተወለደው ልጅ ቅቤ ይላስ ነበር። እንደኛ ባለ ቆላ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሙቀቱ ይበረታና ልጁ ተጠማ ተብሎ ገና በሳምንቱ ውሃ ይሰጠዋል። የእናት ጡት ወተት ከመቶ 88 ያህሉ ውሃ ነው። እስከ ስድስት ወር ድረስ በሮቢት በጋም ቢሆን ለሕፃኑ ጥም በቂ ነው። ከወንዝ ወይም ከጀሪካን የሚቀዳው ውሃ ግን ተቅማጥ ይዞ ይገባል።

እዚህ ላይ ስለ ተሕኒክ የሚጠይቁ አሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተወለደ ሕፃን ሲመጣላቸው ተምር አላምጠው በላንቃው ላይ ይቀቡት ነበር። ይህ ላንቃ መንካት ነው እንጂ መመገብ አይደለም። ተሕኒክ ጡትን አይተካም፣ ጡትንም አያዘገይም። የሚያደርገው ሰው እጁና አፉ ንጹሕ፣ ከበሽታ ነፃ መሆኑን ያረጋግጥ። ቅቤውንና የስኳር ውሃውን በተሕኒክ ስም ማስገባት ግን ሱና አይደለም።

የይፋት ልማድ መልካም ጎኑ ደግሞ አለ። አራስ ብቻዋን አትተውም። ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይገባል፣ ውሃዋን ይቀዳል፣ እንጀራዋን ይጋግራል። አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ በየቋንቋው ይህን ያውቃል። ይህ ሳይጻፍ የኖረ የማጥባት መድህን ነው። የጎደለው ዕውቀቱና ለከፋ ሕመም የሚሆነው ገንዘብ ነበር።

ነፃው አገልግሎትና ካርዱ

ዘመናዊው መንግሥት ወደዚህ ጉዳይ የገባው በሦስት እርምጃ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው በ1990 ዓ.ም የወጣው የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው። እሱን ተከትሎ በየክልሉ በወጡ ሕጎች አንዳንድ አገልግሎቶች ከክፍያ ነፃ ሆኑ። የእርግዝና ክትትል፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጥ ወሊድና የድኅረ ወሊድ ክትትል፣ ክትባትም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለ ጡት ማጥባት የሚሰጠው ምክር በዚህ የድኅረ ወሊድ ክትትል ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በየገጠር ቀበሌው አንድ ጤና ኬላ፣ በኬላውም በአብዛኛው ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲኖሩ ተደረገ። አንድ ዓመት ሠልጥነው በመንግሥት ደሞዝ ይሠራሉ። በመላ አገሪቱ ከ30,000 በላይ ተሰማርተዋል። ልጁ ጡቱን እንዴት እንደሚጎርስ፣ እናት ልጇን እንዴት እንደምትይዝ፣ ጡት ሲያብጥ ምን እንደሚደረግ ቤት ድረስ ሄደው ያሳያሉ። አራስ ቤት ሴት መግባቷ ለኛ ማህበረሰብ ምን ያህል እንደሚቀል ልንገራችሁ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ነው። በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና በደቡብ ወሎ ያለችው ተሁለደሬ ነበሩ። ከዚያ ወደ ሌሎች ወረዳዎች እየሰፋ ሄደ። መዋጮው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተሰብ ነው፤ ከመንግሥት ድጎማ ይታከልበታል፤ መክፈል ለማይችሉ ችግረኞች ደግሞ ክልልና ወረዳ ይከፍሉላቸዋል። የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምና፣ ምርመራና መድኃኒት ውል በተገባባቸው የመንግሥት ጤና ተቋማት ይሸፈናል።

ለውጡ በቁጥር ይታያል። በ2011 እ.ኤ.አ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የጀመሩ ሕፃናት ከመቶ 52 ነበሩ፤ በ2016ቱ ጥናት ከመቶ 73 ደረሱ። ከጡት በፊት ሌላ ነገር የተሰጣቸው ከመቶ 27 ወደ 8 ወረዱ። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ የሚጠቡት ግን ከመቶ 52 ወደ 58 ብቻ ነው ያደጉት፤ በ2019ም 59 ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቅቤ ማላሱ በፍጥነት ቀረ። ስድስቱን ወር መዝለቅ ግን ከባድ ሆነ። ለምን? ቅቤ መተው ምክር ብቻ ይበቃዋል። ስድስት ወር ማጥባት ግን ምክር ብቻ ሳይሆን ጊዜ፣ ምግብና ዕረፍት ይፈልጋል።

ካርዱ ሐላል ነው ወይ?

አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አንድ አባወራ ጠጋ ብሎ፣ «ሸኽዬ፣ ይህ የመድህን ነገር ቁማር ነው፣ ሳትታመም የከፈልከው ይቀራል ይሉኛል፤ ልተወው ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው የብዙ ሰው ስለሆነ መልሱን እዚህ ልድገመው።

በታህሳስ 1985 እ.ኤ.አ ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በሁለት ዓይነት መድህን መካከል ለይቷል። ኩባንያው ለትርፍ የሚሠራው፣ ቁርጥ ዐረቦን የሚከፈልበት የንግድ መድህን ከፍተኛ ገረር ስላለበት አይፈቀድም አለ። በመለገስና በመተጋገዝ ላይ የቆመውን የኅብረት ሥራ መድህን ግን የተፈቀደ አማራጭ አድርጎ አቀረበው። የወረዳችን ማህበረሰብ አቀፍ መድህን ባለ አክሲዮን የለውም፣ ትርፍም አያከፋፍልም። የሮቢት ሽንኩርት ነጋዴ ያዋጣው የገጠሯን አራስ ያሳክማል። ሳይታመም የቀረ ሰው ገንዘቡን አልተበላም፤ ወንድሙን አሳክሞ አልሐምዱሊላህ ብሏል። ዕድራችን እንዲሁ አይደለም እንዴ? ሰው ሳይሞትብኝ ቀረ ብሎ የዕድር ገንዘቡን የሚያስመልስ አይተን አናውቅም።

በዑመር ሚዛን ስንመዝነው

አሁን ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። ዑመር የተማሩት ትምህርት ይህ ነበር። የሕዝብ ገንዘብ ከጡት በኋላ የሚጀምር ከሆነ ጡቱን ይጎዳዋል። የእኛን ሥርዓት በዚህ ሚዛን ስናስቀምጠው ምን እናያለን?

መልካሙን እንናገር። መዋጮው በቤተሰብ መሆኑ የተወለደውን ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ከቤተሰቡ ጋር ይቆጥረዋል። ይህ ከዑመር አዋጅ ጋር የሚገጥም ነው። ሕፃኑ ታሞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ካርዱ ይሠራል። የእናቲቱ ጡት ቆስሎ መግል ቢይዝ፣ መድኃኒትና ሕክምና ቢያስፈልግ፣ ፍየል ሳትሸጥ ትታከማለች።

ሆኖም መድህን በባሕርዩ የሚነቃው ሕመም ሲመጣ ነው። በጡጦና በቆሸሸ ውሃ የተነሳ በተቅማጥ የተያዘ ሕፃን ካርዱን ያስቆጥራል። በደንብ ጠብቶ ሳይታመም የቀረ ሕፃን በሒሳቡ መዝገብ ላይ የለም። ያንን ሕፃን ያዳነችው የጤና ኤክስቴንሽኗ ባለሙያ ያቺ ግማሽ ሰዓት ምክር በካርዱ ውስጥ እንደ አንድ አገልግሎት አትቆጠርም፤ ነፃ ነው ተብላ ወደ ጎን ተቀምጣለች። ነፃ መሆኗ ጥሩ ነው። ግን ያልተቆጠረ ነገር ይረሳል። ባለሙያዋ በዘመቻና በሪፖርት ስትወጠር መጀመሪያ የሚቀረው የአራስ ቤት ጉብኝት ነው። በዚህ ላይ ካርድ የሌላት እናት ሁሉም ነገር በካርድ ነው ብላ አስባ ከነፃው አገልግሎትም ትቀራለች። ይህ እንዳይሆን አጥብቄ እናገራለሁ። እህቶቼ! የድኅረ ወሊድ ክትትልና የማጥባት ምክር ካርድ ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም መብታችሁ ነው።

ሌላው ጊዜ ነው። በ1985 እና በ1996 ዓ.ም የወጡት የሠራተኛ አዋጆች ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ፈቃድ ይሰጡ ነበር። በ2010 ዓ.ም ለመንግሥት ሠራተኞች፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1156 ለሌሎች ሠራተኞች የድኅረ ወሊዱ ወደ 90 ቀን ከፍ ብሎ በድምሩ 120 ቀን ሆነ። ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ዘጠና ቀን ሦስት ወር ነው፤ የሚመከረው ስድስት ወር ነው። በራሷ ማሳ ማሽላና ማሾ የምታርም፣ ሮቢት ገበያ ላይ ማንጎ የምትቸረችር እናት ደግሞ ከዚህ ሕግ ውጭ ናት። የእርሷን ፈቃድ የሚሰጣት ባሏና ጎረቤቷ ናቸው።

ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ አይምሰላችሁ። በአሜሪካ በ2010 የወጣው የጤና ሕግ አብዛኞቹ የመድህን ድርጅቶች የማጥባት ምክርንና የጡት ወተት ማለቢያ መሣሪያን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሸፍኑ አስገደደ፤ ከነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ ጀምሮም ተግባራዊ ሆነ። በዚያ የሚኖሩ እህቶቻችን ይጠቀሙበታል። ምክሩን በስሙ ጠርቶ በመድህን ውስጥ መጻፉ ልንማርበት የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ያው አገር ለሁሉም ሠራተኛ የሚሆን ደሞዝ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ በፌዴራል ሕግ የለውም፤ የ1993ቱ ሕግ የሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው። መሣሪያው ተከፈለ፣ ጊዜው አልተከፈለም። በዑመር ሚዛን እዚያም ጎዶሎ አለ።

በመጨረሻም የኛን ቁስል ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ2013 ዓ.ም አጣዬ ተቃጥላለች። በ2014ቱ ጦርነት በሰሜን ሸዋ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ወድመዋል። ተፈናቅላ በመጠለያ ያደረች አራስ ካርዷ ቤቷ ውስጥ ቀርቷል፣ ጤና ኬላዋም ተዘግቷል። በእንዲህ ያለ ቀን ንጹሕ ውሃ በሌለበት ጡጦና የዱቄት ወተት ማደል ሕፃኑን ለአደጋ ያጋልጣል። ለአጥቢዋ እናት ምግብ፣ ውሃና ጸጥ ያለ ጥግ መስጠት ግን ሁለቱንም ያድናል። እናቲቱን መመገብ ልጁን መመገብ ነው። ለካስ የአል-በቀራህ አንቀጽ ቀለቡን ለእናቲቱ ያደረገው በምክንያት ነው!

ምን እናድርግ?

አባወራዎች! የመድህን ምዝገባና እድሳት የሚካሄደው ምርት ሲሰበሰብ ነው። ማሽላው ወደ ጎተራ ሲገባ መዋጮውን አስቀድሙ። ሚስት ስትወልድ ከአጥሚቱ እህል፣ ከቅቤውና ከሥጋው ድርሻ አራሷ ትቅደም፤ ቅቤው ለእናቲቱ ይሁን እንጂ ለልጁ አፍ አይሁን። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠው ጡቱ እስከ ሁለት ዓመት ይቀጥል።

የመስጊድ ኮሚቴዎች! መክፈል የማይችሉ ተብለው የሚመዘገቡት ሰዎች ዝርዝር ላይ የሚያጠቡ መበለቶችና የተፈቱ ሴቶች መኖራቸውን እዩ። ዝርዝሩ ያልደረሰላቸውን ድሃ እናቶች በዘካና በሰደቃ እናግዝ። የሐሊማ ጓደኞች ያለፉት የቲም በሰፈራችን እንዳይኖር።

የጤና ኃላፊዎችም ብትሰሙን፣ የማጥባት ድጋፍ በመድህኑ አባላት መብት ውስጥ በስሙ ተጽፎ ለአባላቱ ይነገር፤ የአራስ ቤት ጉብኝትም ይቆጠር። ዑመር የዓለምን ታላቅ መንግሥት እየመሩ አንዲት መንገደኛ ሴት በሌሊት የነገረቻቸውን ሰምተው በማለዳ ደንብ ለውጠዋል። የወረዳ መመሪያ መለወጥ ከዚያ አይከብድም።

አላህ (ሱ.ወ) የሚያጠቡ እናቶቻችንን ጉልበት ያድርግላቸው፤ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን፤ ለምድራችን ሰላም ያውርድ። አሚን።